ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር፦ አምስት ቀን በቢቸናና በሞጣ

ድሬዳዋ ለቀራችሁ ጓደኞቼ፣ በተለይ «እዚያ ብርድ አገር ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?» ብላችሁ ለሳቃችሁብኝ፣ የሆነውን ሁሉ ቀን በቀን ልንገራችሁ። ብርዱ እውነት ነው። በዚህ ተሸንፌያለሁ። ግን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ልቤ እንደዚያ የዘለለበት ሳምንት አላስታውስም።

የምሠራውን ታውቃላችሁ፤ ኮምፒውተር ቢበላሽም ሥራው እንዳይቆም አድርጎ ማሰናዳት ነው። ድርጅታችን ቢቸና አንድ፣ ሞጣ አንድ ኮምፒውተር አቁሟል። ምጥ የያዛት እናት ስትኖር የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በስልኳ አጭር መልእክት ትልካለች፤ ኮምፒውተሩ ይቀበልና ቅርብ ላለው አምቡላንስ ሹፌር ያስተላልፋል። አለቃው የቢቸናው ነው፣ የሞጣው ተጠባባቂ። በየደቂቃው «አለሁ» ይባባላሉ። የቢቸናው ሦስት ደቂቃ ዝም ካለ የሞጣው ሥራውን ይረከባል። ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ሁለት አምቡላንሶች ተከታትለው አንዲት እናት ደጅ ደረሱ። በዚያው ጠዋት በሌላ ቀበሌ ምጥ የያዛት እናት የሚመጣላት መኪና አጥታ፣ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመዋት መንገድ ላይ ወለደች። እናትም ልጅም ተርፈዋል፣ አልሐምዱሊላህ። የሞጣ ጥሪ ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር አለምነሽ ግን ደውላ ሰላምታ እንኳ ሳታበዛ፣ «እስከ አርብ አስተካክሉት። ካልሆነ አጠፋውና ወደ መዝገቤ እመለሳለሁ» አለችኝ። የቀበሌዎቹን ሠራተኞች አንድ በአንድ ለምና መልእክት መላክ ያስጀመረቻቸው እሷ ናት፤ ያቺ እናት በቃሬዛ ስትሄድ የታማችውም እሷው ናት። እኔም አንዲት ትንሽ ሦስተኛ ኮምፒውተር በካርቶን አሽጌ ተነሣሁ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ በማለዳ ወጥተን ረፋዱ ላይ ዓባይ በረሃ ወረድን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አንዱ ተሳፋሪ መስኮት ከፈተና ያ የኛ ሙቀት ፊቴን መታው። «ድሬ!» ብዬ ጮኽኩ። መኪና ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ያቺ የናፈቅኳት ሙቀት ግን ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ናት፤ ዳገቱን እየወጣን ስንሄድ ሰው ሁሉ ነጠላውንና ጃኬቱን መልሶ ይለብስ ጀመር፣ ደጀን ስንደርስ እኔ ብቻ በስስ ሸሚዝ ቀረሁ።

ደጀን ላይ መኪና መቀየር ነበረብኝ። ካርቶኔን ቢቸና የሚሄደው ሚኒባስ ላይ አስጫንኩና እስኪሞላ ውሃ ልግዛ ብዬ ወረድኩ። ተመልሼ ነጭ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፣ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ፣ እንቅልፍ ጣለኝ። ረዳቱ «ሉማሜ ወራጅ!» ሲል ነቃሁ። ሉማሜ ማርቆስ መንገድ ላይ ናት። ካርቶኔ በቢቸና መንገድ፣ እኔ በማርቆስ መንገድ!

እዚያው መንገድ ዳር እንባዬ መጣ። ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት በርጩማዋን ለቀቀችልኝ፣ ረዳቱም ደጀን ላለው ተራ አስከባሪ ደወለ። ተራ አስከባሪው ለቢቸናው ሚኒባስ ሹፌር ደወለ። «ካርቶኑ ላይ ስም አለ ወይ?» አሉ። አለ፤ የቢቸናው ግቢያችን ጥበቃ የጋሽ ይሄይስ ስምና ስልክ በትልቁ ተጽፎበታል። «በይ አይዞሽ፣ ዕቃሽ ካንቺ ቀድሞ ቤቱ ይገባል» አለኝ ረዳቱ፣ ደጀን የሚመለስ መኪና ላይ እያሳፈረኝ። ድሬም ቢሆን ይህ ሁሉ ይደረግልኝ ነበር፤ ግን ለዓመት የሚበቃ ፌዝ ይጨመርበት ነበር። እነዚህ አንድም ሰው አልሳቀብኝ።

ቢቸና የገባሁት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጋሽ ይሄይስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበታም ሰው ናቸው። ካርቶኔ የት እንዳለ ስጠይቃቸው የጥበቃ ክፍላቸውን ከፍተው አሳዩኝ። መደባቸው ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«በብርድ የመጣ እንግዳ ነው ብዬ ነው» አሉ፣ ፈገግ ሳይሉ።

እኔ ግን ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በማግሥቱ ነው ያ ሳቅ የቆጨኝ።

ያረፍኩት ክፍል በሚያከራዩት በወይዘሮ ጥሩዬ ቤት ነው፤ ባለቤታቸው መሪጌታ ናቸው። ለእራት ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ኖሯል። ስሜን ጠየቁኝ፣ «ሐያት» አልኳቸው። ወይዘሮ ጥሩዬ ድስቱን ምንም ሳይሉ መልሰው ወሰዱና ሽሮ ይዘው መጡ። ለእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱም ከኔው ሽሮ ሊበሉ ቀረቡ። «ኧረ እናንተ ዶሮውን ብሉ» ብዬ ብለምን፣ መሪጌታ «ዛሬን ረቡዕ ብለነዋል። ነገም ረቡዕ ነው፤ ሁለት ረቡዕ ማንንም አይጎዳም» አሉ። እኔም ደስታው አስክሮኝ «አንተስ አትጎርስም?» አልኳቸው። ድሬ አባቴንም «አንተ» ነው የምለው! ወይዘሮ ጥሩዬ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። መሪጌታ ግን እስኪያስላቸው ሳቁና «በይ ተያት፣ ልጅነቴን መለሰችልኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ «እርስዎ» ለማለት ከአፌ ጋር ስታገል ሰነበትኩ።

ረቡዕ

ጠዋት ጥሪ ክፍል ገብቼ የኮምፒውተሩን መዝገብ አየሁ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ጎህ ሊቀድ ሲል ይጠፋል፤ ጠዋት ሠራተኛ ሊገባ ሲል ራሱ ይነሣል። ሠራተኞቹን ጠየቅኩ፤ ማንም ሲጠፋ አላየውም።

መብራቱን ጠረጠርኩ፤ ደህና ነው። የማስታወሻ ካርዶቹን አውጥቼ እያንዳንዱን ለሰዓታት ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ከፍቼ አቧራ ፈለግኩ። እናንተዬ፣ የድሬው አቧራ አንድ አሥረኛው እንኳ የለበትም! ድሬ ሙቀትና አቧራ ኮምፒውተሮቻችንን ይፈጁብናል፣ እዚህ ግን ክፍሉ ራሱ ፍሪጅ ነው። ለማሽን ገነት ነው እያልኩ ጣቶቼን በትንፋሼ አሞቃለሁ።

አመሻሹ ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ተስፋ ቆርጬ ወጣሁ። መንገድ ስጀምር ቻርጀሬን መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። የጥሪ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ጋሽ ይሄይስ ጎንበስ ብለው ኮምፒውተሩን በጋቢ ይጠቀልላሉ፤ እንደ ሕፃን ጠርዝ ጠርዙን ከሥር ያስገቡለታል።

«ጋሽ ይሄይስ! ምን እያደረጉ ነው?»

«እያለበስሁት ነዋ። ሌሊቱ አይቻልም እኮ ልጄ። ሲበርደው ይንዘፈዘፋል፤ ስሚው።»

ሰማሁት። በውስጡ ያለው ማቀዝቀዣ ቬንቲሌተር ነው፤ ሙቀት ሲታፈን ፍጥነቱን ጨምሮ ያንቀጠቅጠዋል።

«ሲንዘፈዘፍ ምን ያደርጋሉ?»

«የራሴን ጋቢ አወልቅና እደርብለታለሁ። አንዳንዱን ቀን እንዲያም ሆኖ ያመዋል፤ ዝም ይላል። ጠዋት ሠራተኛ ሳይመጣ አነሣለታለሁ፣ እንዳይስቁብኝ።»

ማክሰኞ የሳቅኩት ሳቅ ያኔ ቆጨኝ። እኚህ ሰው የራሳቸውን ጋቢ ለማሽን ደርበው በኮት ብቻ ሲያድሩ ከርመዋል። እጃቸውን ይዤ ከጋቢው ሥር አስገባሁና የኮምፒውተሩን ጀርባ አስነካኋቸው።

«ብርድ አይደለም ጋሽ ይሄይስ፣ ትኩሳት ነው። ልብስ ሲደረብለት ይብስበታል።»

እጃቸውን መለሱ። «ያቺ በቃሬዛ የሄደችው እናት... በእኔ ነው?» አሉ።

«አይደለም!» አልኩ፤ ጮኽኩ ማለት ይሻላል። ደግሞም እውነቱ ነው። ኮምፒውተር በሙቀትም፣ በመብረቅም፣ በአይጥም ይሞታል፤ ያን ስለምናውቅ ነው ሁለት ያደረግነው። የዚያን ቀንም የሞጣው በሰዓቱ ተረክቦ አምቡላንሱን ልኮ ነበር። ክፉው ነገር የመጣው የቢቸናው ጋቢው ተነሥቶለት፣ ቀዝቅዞ ሲነቃ ነው። ተኝቶ እንደነበር አያውቅም፤ ማንንም ሳይጠይቅ አለቃ ነኝ ብሎ፣ ከመተኛቱ በፊት የደረሰውን ያንኑ ጥሪ እንደገና ላከ። ሁለተኛው አምቡላንስ በከንቱ የሄደው ለዚህ ነው። እንዲያ ዓይነት ማሽን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ስነግራቸው ፊቴ እንደ እሳት ነደደ፤ ለእኔ ሌላ ጋቢ አላስፈለገኝም።

ጋሽ ይሄይስ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉ። «በይ እኔ ልብሱን ወስጃለሁ፤ አንቺ ደግሞ ጠባዩን አርሚው» አሉ።

ሐሙስ

ጠዋት በወይዘሮ ጥሩዬ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ፕሮግራሙን ማረም ጀመርኩ። ይህንንም ለእናንተ ልንገር፤ ድሬ ከፀሐይ ስንሸሽ ነው የምንውለው፣ እዚህ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ፀሐይ ተከትሎ ይዞራል። እኔም ላፕቶፔን ይዤ ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየርኩ።

መሪጌታ አጠገቤ ተቀምጠው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሦስተኛዋን ኮምፒውተር ደብረ ወርቅ ላይ አስቀምጣለሁ። ከእንግዲህ አለቃ የሚሆነው ከሦስቱ፣ የራሱን ጨምሮ፣ የሁለት ድምፅ ያገኘ ብቻ ነው፤ ለብቻው የቀረ ምንም ቢያምረው ትእዛዝ አይልክም። ሞቶ የተነሣ ደግሞ አለቅነቱን አይጠይቅም፣ ከኋላ ይቆማል።

«ቆሞስ ምን ያደርጋል?» አሉ።

«ይጠብቃላ። አለቃው ከሞተ ይረከባል።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ማኅሌት ተጀምሮ አርፍጄ ብገባ፣ መሪ ነኝ ብዬ መሐል አልገባም። መቋሚያዬን ይዤ ጥግ እቆማለሁ። ግን ዝም ብዬ አይደለም የምቆም። የት እንደደረሱ እሰማለሁ። ያንን ሳልሰማ የሚመራው ቢደክመውና ና ተቀበል ቢለኝ፣ የተባለውን ደግሜ አበላሽ የለም እንዴ?»

ከወንበሬ ተነሥቼ ዘለልኩ። ላፕቶፑ ሊወድቅ ሲል ወይዘሮ ጥሩዬ ያዙልኝ። እኔ እኮ ከኋላ እንዲቆም ብቻ ነው የጻፍኩት! የትኛው ጥሪ እንደተላከ፣ የትኛው እንደቀረ ሳይሰማ ቆሞ ቢረከብ ያው ጥፋት ይደገማል። «አንተ! ይቅርታ... እርስዎ! እርስዎ አዳኑኝ!» እያልኩ እጃቸውን ሳምኩ። ከዚያ እስከ ምሳ ቀና አላልኩም፤ የተነሣው ማሽን መጀመሪያ የሆነውን ሁሉ ሰምቶ ሳይጨርስ ለመረከብ እንዳይታጭ አደረግኩ። ምሳ ሽሮ ነበር። ሐሙስም ረቡዕ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ጤፍ የተጫነበት ሚኒባስ ተሳፍሬ ደብረ ወርቅ ወረድኩ፤ ትንሿን ኮምፒውተር እዚያ ላለ ባልደረባችን አስረክቤ «ጋቢ እንዳታለብሳት» ብዬ አደራ ሰጠሁት። ያበድኩ መሰለው። ሞጣ ስገባ ፀሐይ ሊጠልቅ ነው። ሲስተር አለምነሽ በር ላይ ተቀበለችኝ፤ አጭር፣ ፈጣን፣ መዝገብ በብብቷ ሥር የማይለያት ሴት ናት። ወፍራም ካልሲ ሰጠችኝና፣ «ነገ አራት ሰዓት ላይ በዓይኔ አያለሁ። ሁለት መኪና አንድ ቤት ከሄደ በቃኝ» አለችኝ።

አርብ

አራት ሰዓት ሲሆን ለጋሽ ይሄይስ ደወልኩ። «ይንቀሉት» አልኳቸው። «በእጄ?» አሉ። «በእጅዎ። ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ እንዳይሰኩት።» ነቀሉት። ሦስት ደቂቃ ቆጠርን፤ የሞጣው ደብረ ወርቅን ጠይቆ፣ ድምፅ አግኝቶ አለቃ ሆነ። አጨበጨብኩ። ሲስተር አላጨበጨበችም።

ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ላይ መልእክት መጣ። ሙከራ አልነበረም። ከአንድ ቀበሌ፣ ምጥ፣ ብዙ ደም። ኮምፒውተሩ እዚያው ሞጣ ግቢ ለቆመው አምቡላንስ ላከ፤ ሹፌሩ ሮጠ። ሲስተር ሰዓቱን መዝገቧ ላይ ጻፈች። ሁለታችንም ዓይናችን እዚያች አንዲት መሥመር ላይ ተተከለ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ። ለእንዲህ ያለ ጊዜ መጠባበቂያ ባትሪ አለ። ግን ጠዋት ልፈትሽ ብዬ እኔው ነቅዬው መልሼ አልሰካሁትም! ተጣድፌ ስሰካው ባዶ ነው። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክም ከመብራቱ ጋር ሄዷል። ሰዓቴን አየሁ፤ የቢቸናው ከተነቀለ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም። የሞጣው ሞቷል፣ የቢቸናው ተነቅሏል፣ የደብረ ወርቋ ደግሞ ብቻዋን ምንም ማድረግ እንዳትችል አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ምጥ የያዛትን እናት የሚሰማት የለም።

ለሲስተር ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መዝገቧን ይዛ ወደ ትልቁ በር ወጣች፣ ተከትያት ሄድኩ። የሚታየው መንገዱ ብቻ ነበር። ሁለተኛው አምቡላንስ ዕቃ አድርሶ ከጉንደወይን በኩል እየተመለሰ እንደነበር እናውቃለን፤ የት እንዳለ አናውቅም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። የመጀመሪያው አምቡላንስ ገባ። እናቲቱን አወረዱ፤ ዓይኗ ተከፍቷል፣ እየተነፈሰች ነው። አዋላጆቹ ተቀብለው አስገቧት። እኔ «አልሐምዱሊላህ» እያልኩ ግድግዳ ተደገፍኩ።

ያኔ ሁለተኛው አምቡላንስ ከመታጠፊያው ብቅ አለ።

«ደገመው» አለች ሲስተር፤ መዝገቧን ዘጋች። እኔ ማየት አልቻልኩም፣ ፊቴን ሸፈንኩ። የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ የሴት ማቃሰት ሰማሁ። እጄን ከፊቴ ላይ አነሣሁ። ሌላ እናት! አብራት የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የቀበሌዋን ስም ተናገረች፤ ሌላ ቀበሌ ነው። «መልእክቱን እንደላክሁ ሹፌሩ መጣሁ ብሎ ደወለልኝ» አለች። ሹፌሩም ስልኩን አሳየን። ትእዛዙ የመጣው ከቢቸና ነው።

ሲስተር አለምነሽ መዝገቧን መልሳ ከፈተች። ሁለት መኪና፣ ሁለት እናት፣ ሁለት መሥመር። ጽፋ ስትጨርስ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ፤ እየሳቀች ነበር። «አላጠፋውም። ግን መዝገቤንም አልጥልም።» «እንዳትጥይው!» አልኳት፤ ከልቤ ነው። ምሽቱን ሁለቱም ወለዱ።

እኔ ግን የተነቀለ ኮምፒውተር እንዴት ትእዛዝ እንደላከ አልገባኝም። ኔትወርክ ሲመለስ ለጋሽ ይሄይስ ደወልኩ፤ ስልኩን አላነሡም።

ቅዳሜ

ቢቸና ስደርስ ጋሽ ይሄይስ በር ላይ ናቸው፤ ዓይኔን አያዩም።

«ልጄ፣ አጥፍቻለሁ» አሉ። «ሠላሳ ደቂቃ ብለሽኝ ነበር። ነቅዬው ዝም ሲል ሬሳ አጠገብ የተቀመጥሁ መሰለኝ። አምስት ደቂቃም አልቻልሁ፤ ሰካሁት። የመኪናው ነገር እንደገና ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ነው ስልክሽን የፈራሁ።»

ሁሉም ነገር በአንዴ ገባኝ። ሰክተውታል፤ ማሽኑ ተነሥቷል፤ መሪጌታ እንዳሉት ጥግ ቆሞ የት እንደደረሱ ሰምቷል። የመጀመሪያዋ እናት መኪና እንደተላከላት ያውቅ ነበር። የሞጣው ሲሞት ከደብረ ወርቅ ጋር ሁለት ሆነው ተረከበ፣ ሁለተኛዋም ስትጠራ ሰማት። ይህ ሁሉ ስክሪኑ ጥግ ላይ ታይቶ ይሆናል፤ እኔ ግን ዓይኔ ጥሪው ላይ ነበር።

«ጋሽ ይሄይስ» አልኩ፣ «ቢታዘዙኝ ኖሮ ሁለተኛዋን እናት የሚሰማት አልነበረም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሁለቱም ደህና ናቸው?»

«ሁለቱም። ልጆቹም።»

እሱን እያልኩ አለቀስኩ። ሳቅም አለበት፣ ሲቃም አለበት፣ መላ አካላቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ ይሄይስ ከላያቸው ላይ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ደረቡልኝ፤ ጠርዝ ጠርዙን ከአንገቴ ሥር አስገቡልኝ።

«ይኸው፣ አንቺም ትንዘፈዘፊያለሽ» አሉ።

ብርድ አልነበረም። ግን አላወለቅኩትም።